ባክቴሪያ መድኃኒትን ይላመዳልን? የባክቴሪያ ጂኖምና የሚውቴሽን መጠን በክፍል ውስጥ ስለሚቀርቡበት መንገድ

በአገራችን የጤና አገልግሎት ቋንቋ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» የሚለው ሐረግ ሥር የሰደደ ነው። በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በሬዲዮ ይነገራል፤ የሥነ ሕይወት መምህሩም ሳያመነታ ይገለገልበታል። ሐረጉ አጭርና ለጆሮ የቀለለ በመሆኑ ትርጉሙን የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ይሁንና ተማሪው ሐረጉን ሲሰማ በአእምሮው የሚቀረጸው ሥዕል ምን እንደሆነ ጠጋ ብለን ብንመረምር፣ ወይፈን ቀንበር እንደሚለምድ፣ ከቆላ የመጣ ሰውም የደጋውን ብርድ ውሎ አድሮ እንደሚለምድ ሁሉ፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ጥቂት በጥቂት እየቀመሰ በመጨረሻ ተላመደው የሚል ሆኖ እናገኘዋለን። የባክቴሪያ የውርስ ጥናት ከ80 ዓመታት በፊት ያረጋገጠው ግን ከዚህ የተለየ ነው። መድኃኒቱን የሚቋቋመው ባክቴሪያ መድኃኒቱ ከመምጣቱ አስቀድሞ በዚያው ነበረ። መድኃኒቱ ያደረገው ሌሎቹን ገድሎ ለእርሱ ቦታ መልቀቅ ብቻ ነው።

ጉዳዩ የቃል ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሥነ ልሳን ባለሙያዎች በተውነው ነበር። ነገር ግን «መላመድ» ከሚለው ቃል ሁለት ጎጂ መደምደሚያዎች ይወለዳሉ። አንደኛው፣ መድኃኒት የሚወሰድበት ጊዜ በረዘመ መጠን ባክቴሪያው ለመላመድ ዕድል ያገኛል የሚለው ነው። በዚህ አስተሳሰብ የሚመራ ሕመምተኛ ሳሉ ሲቆምለትና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስለት «ሰውነቴ እንዳይላመደው» ብሎ ኪኒኑን ያቋርጣል። የተጠነቀቀ መስሎት፣ ከሁሉ ይልቅ ሊያደርገው የማይገባውን ያደርጋል። ሁለተኛው፣ መድኃኒት የማይበግረው ቲቢ የያዘው ሰው ሁሉ የታዘዘለትን በአግባቡ ያልወሰደ ነው የሚለው ፍርድ ነው። በእርግጥ ግን እንዲህ ያለው ባክቴሪያ እንደማንኛውም የቲቢ ባክቴሪያ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ አንዲት የቲቢ ኪኒን ውጦ የማያውቅ ሕፃንም ሊይዘው ይችላል። ዛሬ ከፊታችን የተቀመጠው ተማሪ ነገ ሕመምተኛ፣ አስታማሚ ወይም የሕመምተኛ ጎረቤት መሆኑ ስለማይቀር፣ ነገሩን አጣሞ ይዞ ከትምህርት ቤት ቢወጣ ጉዳቱ በፈተና ነጥብ ብቻ አይወሰንም።

በዚህ ላይ አንድ የትምህርት አሰጣጥ ችግር ይታከላል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሥነ ሕይወት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው በመጽሐፉ ላይ የሚያነበው ቃል ስለ መላመድ የሚናገረው ነገር የለም፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚሰማው አማርኛ ግን ይህንኑ ይደጋግምለታል። የእንግሊዝኛውን ትርጓሜ ሸምድዶ በአማርኛው ሥዕል የሚያስብ ተማሪ ብዙ ነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ መምህሩ ነገሩን በአማርኛ አስቦ በአማርኛ ሊያስረዳ የሚችልበትን መንገድ ማሳየት ነው።

የቅጂ ሥራ

ባክቴሪያ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ሲሆን የሚወርሰውም የሚያወርሰውም ጽሑፍ በዲ.ኤን.ኤ. ላይ በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት የተጻፈ ነው። ይህ ጽሑፍ በጠቅላላው ጂኖም ይባላል፤ አንድን ተግባር የሚያዝዘው የጽሑፉ ክፍል ደግሞ በራሂ ወይም ጂን ይባላል። የባክቴሪያ ጂኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር የተነበበው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ ባክቴሪያው ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ፣ ርዝመቱም 1.83 ሚሊዮን ፊደል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በአንጀት ውስጥ የሚኖረው የኢ. ኮላይ ጂኖም (4.64 ሚሊዮን)፣ በ1998 ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ጂኖም ተነበበ። የዚህ የኋለኛው ርዝመት 4.41 ሚሊዮን ፊደል ሲሆን ወደ 4,000 የሚጠጉ በራሂዎችን ይይዛል። በአንድ ገጽ 1,500 ፊደል ብናትም 2,900 ገጽ ያህል የሚወጣው መጽሐፍ ማለት ነው። የሰው ጂኖም 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ስለሆነ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የባክቴሪያው ትንሽ ነው። ሆኖም ባክቴሪያው ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ይህን መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መገልበጥ አለበት።

ስለ ቅጂ ሥራ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ለማስረዳት ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ቁም ጸሐፊው ዳዊት ሲገለብጥ አልፎ አልፎ አንዱን ፊደል በሌላው ይተካል፤ አንድ ቃል በሁለት መስመሮች ላይ ከተደገመ ዓይኑ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ዘሎ በመካከሉ ያለውን ይገድፋል፤ አንዳንዴም የጻፈውን መልሶ ይጽፋል። ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጠው ሌላው ጸሐፊ ስሕተቱን ስሕተት መሆኑን ሳያውቅ ይገለብጠዋል፤ የራሱንም ይጨምርበታል። በዲ.ኤን.ኤ. ቅጂ ላይ የሚፈጸሙት ስሕተቶችም እነዚሁ ናቸው፦ መተካት፣ መግደፍ፣ መድገም። እነዚህን ሚውቴሽን እንላቸዋለን።

ባክቴሪያው አራሚም አለው። ገልባጩ ኢንዛይም የጻፈውን ፊደል ወዲያው ያመሳክራል፤ ያመለጠውን ደግሞ ሌሎች ኢንዛይሞች ኋላ ተከትለው ያርማሉ። በዚህም ምክንያት በኢ. ኮላይ የሚቀረው ስሕተት ከብዙ ቢሊዮን ፊደል አንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ጆን ድሬክ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ርዝመታቸው እጅግ የተለያየ የጥቃቅን ፍጥረታትን ጂኖም አነጻጽሮ፣ ለአንድ ሙሉ ጂኖም ሲሰላ የስሕተቱ መጠን ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው፤ ይኸውም በ300 ቅጂ አንድ ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጂኖም በማንበብ የተደረጉ ልኬቶች ለኢ. ኮላይ ከዚህም ያነሰ፣ ማለት በ1,000 ክፍፍል አንድ የሚጠጋ መጠን ሰጥተዋል። 2,900 ገጽ ያለውን መጽሐፍ አንድ ሺህ ጊዜ ገልብጦ አንድ ፊደል ብቻ የሚስት ጸሐፊ ከሰው ልጅ መካከል አልተገኘም።

ታዲያ ስሕተቱ ይህን ያህል ጥቂት ከሆነ ለምን ያሳስበናል? መልሱ በቁጥር ብዛት ላይ ነው። ለእንጀራ ከምናስቀምጠው እርሾ አንድ ማንኪያ ብንወስድ በውስጡ የሚገኙት ባክቴሪያዎች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ናቸው። ኢ. ኮላይ ምግብና ሙቀት ሲመቸው በ20 ደቂቃ አንዴ ይከፈላል። የቲቢ ባክቴሪያ ዘገምተኛ ሆኖ 20 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ከሺህ አንድ የሚፈጸም ነገር በቢሊዮን ሲባዛ በየዕለቱ የሚፈጸም ይሆናል።

ከእነዚህ ስሕተቶች የሚበዙት ምንም ለውጥ የማያመጡ ወይም ባለቤታቸውን የሚጎዱ ናቸው። ጥቂቶቹ በአጋጣሚ ይጠቅማሉ። ለተማሪው መነገር ያለበት ዋና ነገር፣ ስሕተቱ በሚፈጸምበት ጊዜ ባክቴሪያው ምን እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ አካል አለመኖሩ ነው።

ስለ ዕጣ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሚኖርበት በልደታ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ምን እንደሆነ ለልጆች ማስረዳት አያስፈልግም። በ1997 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት የተመዘገበ ሰው ታሪክ በየቤቱ አለ፤ ዕጣው ወዲያው የወጣለትም፣ ልጆቹ አድገው እስኪያገቡ ድረስ የጠበቀም አለ። ዕጣ የሰውን ችግር አይቶ አይወጣም። ቤት ያጣችው ባለ አምስት ልጅ እናት ቀርታ ለብቸኛው ወጣት ሊወጣለት ይችላል። እንግዲህ ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲወርድ ቤት የደረሰው ሰው አይበሰብስም። ይህን አይቶ «ዝናቡ ቤት ሰጠው» ወይም «ዝናቡን ተላመደው» የሚል ሰው ቢኖር እንስቅበታለን። ዕጣው የወጣው ቀድሞ በበጋ ነው፤ ዝናቡ የገለጠው ማን ቤት እንዳለውና ማን እንደሌለው ብቻ ነው። ሚውቴሽን ዕጣው ነው፤ መድኃኒቱ ዝናቡ ነው። ልጆቹ ይህን በአንድ ጊዜ ይይዙታል።

ሳይንሱ ይህን ያረጋገጠው በምሳሌ ሳይሆን በቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ጣሊያን አገር የተወለደው ሳልቫዶር ሉሪያና ጀርመን አገር የተወለደው ማክስ ዴልብሩክ፣ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ወስደው እንዲህ ብለው አሰቡ፦ ባክቴሪያዎቹ ቫይረሱን የሚቋቋሙት ሲያገኙት እየተላመዱት ከሆነ፣ ለየብቻ ካደጉ ብዙ ብልቃጦች ወስደን ከቫይረሱ ጋር ብናገናኛቸው ከየብልቃጡ የሚተርፉት ቁጥር ተቀራራቢ መሆን አለበት። ነገር ግን ለውጡ ቀደም ሲል በዕድገት ላይ ሳሉ በዕጣ የሚፈጸም ከሆነ፣ በአንዱ ብልቃጥ ገና በማለዳው የወጣ ዕጣ ዘሩን አብዝቶ ብዙ ተራፊ ይሰጣል፤ በሌላው ዘግይቶ የወጣ ጥቂት፣ ጨርሶ ያልወጣበት ደግሞ ባዶ ይሆናል። ቆጥረው ያገኙት ይህን የኋለኛውን መዘበራረቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ጆሹዋና ኤስተር ሌደርበርግ ነገሩን በሌላ መንገድ ደገሙት። በሳሕን ላይ ያደጉ የባክቴሪያ መንጋዎችን በከፋይ ጨርቅ እንደ ማኅተም አንሥተው መድኃኒት ባለበት ሌላ ሳሕን ላይ አተሙ፤ ተራፊዎቹ የበቀሉበትን ቦታ አይተው ወደ መጀመሪያው፣ መድኃኒት ነክቶት ወደማያውቀው ሳሕን ሲመለሱ ተቋቋሚዎቹን በዚያው ቦታ አገኟቸው። በእርግጥ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ዕድገታቸውን ገትተው መድኃኒትን ለጊዜው የሚያሳልፉበት ጠባይ አላቸው፤ ነገር ግን ያ ለዘር የሚተላለፍ ስላልሆነ ከዚህ ጋር መቀላቀል የለበትም።

የሉሪያና የዴልብሩክን ሥራ ያለ ላቦራቶሪ በክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። አቅራቢው በክረምት ወራት በልደታ ኮንዶሚኒየም የጋራ መጠቀሚያ ቤት ለጎረቤት ልጆች አድርጎት ስለተሳካ ለመምህራን ያቀርበዋል። ክፍሉ ከአምስት እስከ ስምንት ቡድን ይከፈል። ለየቡድኑ 50 የተጠቀለለ ወረቀት በከረጢት ይሰጥ፤ ከእነርሱ አንዱ ብቻ ምልክት ይኑረው። ቡድኑ በአንዲት ባቄላ ይጀምራል። ባቄላዋ ሁለት ትሆናለች፤ ሁለቱ አራት፤ አራቱ ስምንት፤ እንዲህ እያለ እስከ ስድስተኛው ዕጥፍ፣ ማለት እስከ 64 ይደርሳል። በየዕጥፉ ለየአንዳንዷ አዲስ ባቄላ ዕጣ ይወጣል፤ የወጣው ወረቀት ተመልሶ ይገባል። ምልክቱ የወጣላት ባቄላ በቀይ አተር ትተካለች፤ ከእርሷ የሚወለዱትም ሁሉ ቀይ ናቸው። በመጨረሻ ቀዮቹ ይቆጠሩ። ከዚያም ሁለተኛው ዙር ይደረግ፦ በዚህኛው 64ቱ ባቄላዎች ያለ ዕጣ ከደረሱ በኋላ፣ በመጨረሻው ሰዓት ብቻ ለየአንዳንዷ ከ10 ወረቀት አንዱ ምልክት ካለበት ከረጢት ዕጣ ይውጣ። ይህ የመላመድ ሐሳብ ሞዴል ነው።

የሁለቱ ዙሮች አማካይ ውጤት የሚራራቅ አይደለም፤ በመጀመሪያው 7፣ በሁለተኛው 6 ገደማ ነው። ልዩነቱ በቡድኖቹ መካከል ነው። በሁለተኛው ዙር አብዛኞቹ ቡድኖች በ6 ዙሪያ ይሰበሰባሉ። በመጀመሪያው ግን አንዱ ቡድን ባዶ፣ ሌላው ሁለት ወይም ሦስት ሊያገኝ፣ በመጀመሪያው ዕጥፍ ዕጣ የወጣለት ደግሞ ግማሹን፣ ማለት 32 ያህሉን ቀይ አድርጎ ሊያገኘው ይችላል። ተማሪዎቹ ቁጥሮቹን በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሲያዩአቸው መምህሩ ብዙ መናገር አይኖርበትም። ባቄላ መቁጠሩ ረብሻ እንደሚያስነሣ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ ሁለት ክፍለ ጊዜም ይወስዳል።

በአንድ ሳንባ ውስጥ ያለው ሒሳብ

አሁን ወደ ቲቢ እንመለስ። በሳንባ ውስጥ ቲቢ ያቦረቦረው አንድ ጉድጓድ ከ100 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ከእነዚህ መካከል አይሶናያዚድን የሚቋቋሙት ከሚሊዮን አንድ ያህል፣ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋሙት ደግሞ ከ100 ሚሊዮን አንድ ያህል ናቸው። ተማሪው ራሱ ያስላው። ከአንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ 1,000ው አይሶናያዚድ አይገድላቸውም፤ 10ሩ ሪፋምፒሲን አይገድላቸውም። አይሶናያዚድ ብቻውን ቢሰጥ 999 ሚሊዮን ከ999 ሺህ ይሞታሉ። ሕመምተኛው ይሻለዋል፤ ሳሉ ይቀንሳል፤ ይወፍራል። የቀሩት 1,000 ግን ባዶ ሜዳ አግኝተዋል። ከ1,000 ተነሥቶ ወደ አንድ ቢሊዮን ለመመለስ 20 ዕጥፍ ይበቃል፤ በ20 ሰዓት አንድ ዕጥፍ ቢሆን በሒሳብ ደረጃ 17 ቀን ገደማ ነው። በሰውነት ውስጥ ከዚህ ይዘገያል፤ ፍጻሜው ግን አይለወጥም።

ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ቢሰጡስ? ሁለቱንም ባንድ ላይ የሚቋቋም ባክቴሪያ የሚገኘው በሚሊዮን ጊዜ 100 ሚሊዮን አንድ ነው፤ ይኸውም ከ100 ትሪሊዮን አንድ ይሆናል። በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ ይህን ያህል ባክቴሪያ የለም። መድኃኒቶቹ ለምን በአንድነት እንደሚሰጡ የሚያስረዳው ይህ ማባዛት ነው። በአገራችን የተለመደው የስድስት ወር ሕክምና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት መድኃኒት፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት መድኃኒት የሚሰጥ መሆኑም ከዚሁ ይገባናል። መጀመሪያ ባክቴሪያው ብዙ ስለሆነ ዕጣውም ብዙ ነው፤ ኋላ ቁጥሩ ሲመናመን ሁለቱ ይበቃሉ። ቀሪው ረጅም ጊዜ የሚያስፈልገው በዝግታ የሚኖሩትን፣ መድኃኒት በቀላሉ የማያገኛቸውን ለመጨረስ ነው። በሦስተኛው ወር ያቋረጠ ሰው እነዚህን ቀሪዎች ለቀቃቸው ማለት ነው። አንዱን ኪኒን መርጦ የሚውጥ ሰው ደግሞ ማባዛቱን አፍርሶ ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ከሚሊዮን አንዱ ሒሳብ ይመልሰዋል።

ይህ ሒሳብ በውድ ዋጋ የተገኘ ነው። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 ከተገኘ በኋላ በብሪታንያ የተደረገው ዝነኛ ሙከራ ውጤት በ1948 ታተመ። መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሕሙማን በስድስት ወር ውስጥ የሞቱት 4 ሲሆኑ ካላገኙት 52 ሕሙማን ግን 14 ሞቱ። ደስታው ትልቅ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገው ክትትል ግን ከ55ቱ 32፣ ከ52ቱ 35 ሞተው ተገኙ። ልዩነቱ ተሟጦ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ከምክንያቶቹ ዋነኛው ብቻውን የተሰጠውን መድኃኒት የሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች ቦታውን መውረሳቸው ነው። አቅራቢው በሚያምነው መጠን፣ በ10ኛ ክፍል ከሚሰጡ ብዙ ትርጓሜዎች ይልቅ እነዚህ አራት ቁጥሮች በተማሪው አእምሮ ይቆያሉ።

አይሶናያዚድን የሚቋቋሙት ሪፋምፒሲንን ከሚቋቋሙት መቶ እጥፍ የሚበዙበትንም ምክንያት ማየቱ ጠቃሚ ነው። አይሶናያዚድ ወደ ባክቴሪያው ሲገባ ገና አልታጠቀም፤ የሚያስታጥቀው የባክቴሪያው የራሱ ኢንዛይም ነው። ስለዚህ ያን ኢንዛይም የሚያዝዘው በራሂ በየትኛውም መንገድ ቢበላሽ ባክቴሪያው ይተርፋል፤ ማበላሸት ደግሞ ብዙ መንገድ አለው። ሪፋምፒሲን ግን የሚያጠቃው ባክቴሪያው ያለ እርሱ ሊኖር የማይችለውን ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ሳይበላሽ ቅርጹ ብቻ ትንሽ መለወጥ አለበት፤ ይህን የሚያደርጉት ሚውቴሽኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚገኙት ከ4.41 ሚሊዮኑ ውስጥ በ81 ፊደላት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀውና አሁን በሆስፒታሎቻችን የሚሠራበት ጂንኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ከአክታ ላይ የሚያነበው እነዚህን ፊደላት ሲሆን፣ ውጤቱ በሁለት ሰዓት ያህል ይደርሳል።

በኢትዮጵያ ለእንዲህ ያለው ቲቢ የተለየ ሕክምና መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው። አገራችን ከ2016 እስከ 2020 መድኃኒት የማይበግረው ቲቢ ከጸናባቸው 30 አገሮች መካከል ተመዝግባ የነበረ ሲሆን፣ ድርጅቱ በ2021 ባወጣው ዝርዝር ከዚህኛው መዝገብ ወጥታለች፤ በጠቅላላው የቲቢ መዝገብ ላይ ግን ቀርታለች።

የስሕተት ታሪክ

የብራና መጻሕፍት ተመራማሪ አሥር ቅጂዎችን ሲያነጻጽር፣ አንድ ዓይነት ግድፈት የሚጋሩት ከአንድ እናት ቅጂ እንደተገለበጡ ይገምታል፤ በዚህም የመጻሕፍቱን የዘር ሐረግ ይሠራል። ከባክቴሪያም ጋር የሚሠራው ይኸው ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ከሌሎች ባክቴሪያዎች ጋር በራሂ የመለዋወጥ ልማድ የለውም ለማለት ይቻላል። ሌሎች ብዙዎች፣ ለምሳሌ ተቅማጥ የሚያመጡት፣ ፕላዝሚድ በሚባሉ ትናንሽ የዲ.ኤን.ኤ. ቀለበቶች አማካይነት መቋቋሚያን ከጎረቤት ይቀበላሉ፤ ያ ራሱን የቻለ ርእስ ነው። በቲቢ ግን ታሪኩ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ ስለሚወርድ የዘር ሐረጉ ጥርት ብሎ ይነበባል።

በሕሙማን መካከል ሲተላለፍ በቲቢ ጂኖም ላይ የሚጨመረው ለውጥ በዓመት ግማሽ ፊደል ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ማለት በሁለትና በሦስት ዓመት አንድ። ስለዚህ የሁለት ሕሙማን ባክቴሪያዎች በአምስት ፊደል ወይም ከዚያ ባነሰ ከተለያዩ በቅርብ ጊዜ የተላለፈ መሆኑ ይጠረጠራል፤ ከ12 በላይ ከተለያዩ ግን አንዱ ከሌላው በቅርቡ ተቀብሎታል ለማለት ያስቸግራል። በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሁለት ጎረቤቶች ቢታመሙ፣ ማን ከማን እንደያዘው በሐሜት መፈረድ እንደሌለበት ለተማሪው ለማሳየት ይህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ጎረቤት መሆን ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ሁለቱም ከየሥራ ቦታቸው ይዘውት የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

በዚህ ዘዴ ከተገኙት ውጤቶች አንዱ በቀጥታ የሚመለከተው እኛን ነው። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያ የሳንባና የዕጢ ቲቢ ካለባቸው ሕሙማን የተወሰዱ 964 ናሙናዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2013 አሳተሙ። የዕጢ ቲቢ በአገራችን በብዛት ስለሚታይ ከጥሬ ወተት፣ ማለት ከከብት ቲቢ የሚመጣ ነው የሚል ግምት ነበር፤ ጥናቱ ግን የከብቱ ባክቴሪያ ድርሻ እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳየ። ከዚህም በላይ እስከዚያ ከታወቁት ስድስት የቲቢ የዘር ሐረጎች የማይገባ፣ ከአፍሪካ ቀንድ ጋር የተቆራኘ አዲስ ሐረግ ተገኘ፤ በብዛት የታየውም በወልድያ አካባቢ ነበር። ሰባተኛው ሐረግ ይባላል። ዛሬ በዓለም ላይ ሰፊ ስርጭት ያላቸው «ዘመናዊ» የሚባሉት ሐረጎች እርስ በርስ ከመለያየታቸው በፊት የተገነጠለ ነው። በላቦራቶሪ ሲያድግ ዘገምተኛ ነው፤ በአማራ ክልል የተደረገ ጥናትም በዚህ ሐረግ የተያዙ ሕሙማን ወደ ሕክምና የሚመጡት ከሌሎቹ ይልቅ ዘግይተው መሆኑን አመልክቷል። ስምንተኛውና ዘጠነኛው ሐረግም ኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 የተገለጹት ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ አካባቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ከኢትዮጵያ የተገኙ የቲቢ ጂኖሞችን አንብቦ፣ ቲቢ ወደ አፍሪካ የገባው ከአውሮፓውያን ጋር ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ የሚቃወም ማስረጃ አቅርቧል። የዘር ሐረጉ ዕድሜ ስንት ነው ለሚለው ግን መልሱ የሚወሰነው በሚውቴሽን መጠን ላይ ነው። በ2013 የቀረበ ስሌት የቲቢን ቤተሰብ ዕድሜ 70,000 ዓመት ሲያደርሰው፣ በ2014 ከፔሩ የጥንት አጽሞች በተገኘ ዲ.ኤን.ኤ. የተሠራው ከ6,000 በታች አውርዶታል። የሰዓቱ አቆጣጠር ሲለወጥ ታሪኩ ምን ያህል እንደሚለወጥ ለሒሳብ መምህሩም ጥሩ ጥያቄ ይሆናል።

ሁሉም ሚውቴሽን ለእኛ ጠላት አይደለም። በየሕፃኑ ክንድ ላይ ጠባሳው የሚታየው የቢ.ሲ.ጂ. ክትባት የተገኘው፣ ካልሜትና ጌሬን የተባሉ ፈረንሣውያን የከብት ቲቢን ባክቴሪያ ከ1908 እስከ 1921 እ.ኤ.አ. 230 ጊዜ ከማሳደጊያ ወደ ማሳደጊያ እያዛወሩ ነው፤ በዚያ መካከል ባክቴሪያው የጂኖሙን ቁራጭ ገድፎ የማሳመም ኃይሉን አጣ። ባለሙያዋ እናት እርሾን ከቡኮ ወደ ቡኮ የምታሻግርበት ሥራ ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ተማሪዎች ሲረዱ ይደነቃሉ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2001 ሲነበብም 1,600 ያህል የሚሠሩ በራሂዎች፣ 1,100 ያህል ደግሞ በስሕተት ብዛት የሞቱ ተገኝተዋል። በሰው ሕዋስ ውስጥ ተደላድሎ የሚኖር ፍጥረት የማይሠራበትን በራሂ ቢያጣ የሚገድለው የለም።

ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች

አቅራቢው «የተላመደ» የሚለው ቃል በአዋጅ ይሻር አይልም። ጤና ጣቢያው የሚጠቀምበትን ቃል ትምህርት ቤቱ ብቻውን ቢተው ተማሪው ግራ ይጋባል። የሚበጀው፣ በመምህሩ መምሪያ ላይ «መድኃኒት የማይበግረው» የሚለው ከጎኑ እንዲጻፍና መምህሩ ሁለቱን ቃላት አነጻጽሮ የትኛው ከእውነቱ ጋር እንደሚስማማ ተማሪዎችን እንዲጠይቅ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ደረጃም ዕጩ መምህሩ የባቄላውን ሥራ ራሱ ሠርቶ ቢወጣ ይመረጣል።

የቅጂውን ትምህርት ለማስያዝ ደግሞ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሰ ከሚሉት አራት ፊደላት የተሠራ 200 ፊደል ያለው አንድ አንቀጽ ይዘጋጅ። የመጀመሪያው ተማሪ ይገልብጠው፤ ሁለት ተማሪዎች ከእርሱ፤ አራት ከሁለቱ፤ እያንዳንዱም ያለ እርማት በፍጥነት ይጻፍ። የመጨረሻዎቹ ወረቀቶች ስም ሳይጻፍባቸው ለሌላ ክፍል ይሰጡና ማን ከማን እንደገለበጠ ከስሕተታቸው እንዲያወጡ ይደረግ። የኢ. ኮላይም ሆነ የሌላ ባክቴሪያ እርባታ በክፍል ውስጥ መሞከር አይገባም፤ መድኃኒት ጨምሮ ማሳደግ ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ባክቴሪያ በዓይን ማሳየት ለሚፈልግ መምህር ከእርሾ ላይ አንድ ጠብታ በውሃ አቅጥኖ በማይክሮስኮፕ ማየት ይበቃል፤ ተለቅ ብሎ የሚታየው እርሾው ራሱ፣ በዙሪያው ያሉት ደቃቃ በትር መሰሎች ባክቴሪያዎቹ ናቸው።